«ማስተር ኤንድ ኮማንደር» በእርግጥ ከስሯል? ስለ ፊልሙ አቀባበል እንነጋገር

መልሕቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፒተር ዊር «ማስተር ኤንድ ኮማንደር» እዚህ መድረክ ላይ በተነሳ ቁጥር «ፊልሙስ ግሩም ነበር፣ ምን ያደርጋል ከሰረ እንጂ» የሚል አይጠፋም። ግማሽ እውነት ስላለው ነው የሚደጋገመው። እስቲ ቁጥሩን ቁጭ አድርገን እንየው። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ላላያችሁ፦ ዳይሬክተሩ ዊር ያሳየን በ1805 ካፒቴን ኦብሪ የሚመራው የእንግሊዝ የጦር መርከብ «ሰርፕራይዝ» የፈረንሳዩን «አኬሮን» ሲያሳድድ ነው።

ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ኖቬምበር 14 ቀን 2003 ወጣ። ለመሥራት 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 25 ሚሊዮን ገደማ አስገብቶ ሁለተኛ ሆነ፤ የቀደመው ከሳምንት በፊት የወጣው የገና ኮሜዲ «ኤልፍ» ነው። በመጨረሻ በአሜሪካና በካናዳ 94 ሚሊዮን፣ በዓለም ዙሪያ በጠቅላላው 212 ሚሊዮን ገደማ ሰበሰበ።

ከ212 ላይ 150 ቀንሶ «62 ሚሊዮን አተረፈ» የሚል ሰው ሒሳቡን ስቷል። ከቲኬቱ ግማሽ ያህሉ ለሲኒማ ቤቱ ይቀራል፤ ከአሜሪካ ውጭ ለስቱዲዮው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከግማሽም ያነሰ ነው። የማስታወቂያው ወጪም ከ150ው ውጭ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ብቻ ወጪውን አልመለሰም ቢባል ያስኬዳል።

አሁን ደግሞ 94ን ለ25 አካፍሉት። 3.7 አካባቢ ይመጣል። ይህ ቁጥር ፊልሙ ከከፈተበት ሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደቆየ ያሳያል። ሰው ያልወደደው ትልቅ ፊልም በሁለተኛው ሳምንት ይፈረካከስና ሁለት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ይቀራል። 3.7 ማለት ያየው ሰው ወጥቶ ለጓደኛው «ሂድ እየው» ብሏል ማለት ነው። ስለዚህ ያየው ወዶታል። ጥያቄው ያላየው ለምን አላየም የሚለው ነው።

የማታ ሲኒማ፦
ጥሩ አድርገህ ከፍተኸዋል። መልሱ ግማሹ ያው 2003 ውስጥ ነው። ጁላይ ላይ «ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን» ወጥቶ ነበር። በ140 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ 654 ሚሊዮን አስገባ። ባሕሩ ያው ባሕር፣ ሸራውም ያው ሸራ፣ መድፉም ያው መድፍ ነው። ግን ያኛው ፊልም ሕፃኑንም፣ ወጣቱንም፣ ፍቅር ፈላጊውንም አንድ ላይ ይጠራል፤ አጽም የሚሆኑ ወንበዴዎች አሉት፣ ልጅቷ አለች፣ ሳቅ አለ።

የዊር ፊልም ውስጥ ግን አንድ ቃል የምትናገር ሴት የለችም። ብራዚል ዳርቻ ላይ ጀልባ ውስጥ ለአፍታ የምትታይ አንዲት ሴት አለች፤ ዐይን ለዐይን ይተያያሉ፣ መርከቡ ይሄዳል፣ አለቀ። ይህ ለታሪኩ ትክክል ነው። ለቲኬት ግን የከተማውን ግማሽ በር ላይ ማስቀረት ነው። በዚያ ላይ ርዕሱ ረጅም ነው፦ «ማስተር ኤንድ ኮማንደር፦ ዘ ፋር ሳይድ ኦፍ ዘ ወርልድ»። መጽሐፉን ለማያውቅ ሰው ስለ ምን እንደሆነ አይነግረውም።

ሐመር፦
ልጆች፣ ስለ ኦስካሩም ተናገሩ እንጂ። ሁልጊዜ «10 ታጭቶ 2 ብቻ አገኘ» ይባላል፤ ልክ ውድድሩ ላይ የተዋረደ ይመስል። ዝርዝሩን አስተውሉት።

የታጨባቸው ዘርፎች፦ ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ቀረጻ፣ የትዕይንት ዝግጅት፣ አልባሳት፣ አርትዖት፣ ሜካፕ፣ የድምፅ ቅልቅል፣ የድምፅ ቅንብርና ምስላዊ ውጤት። ያ ዓመት «የንጉሡ መመለስ» ማለትም የ«ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ሦስተኛው ክፍል በታጨባቸው 11 ዘርፎች ሁሉንም የወሰደበት ዓመት ነው። ሁለቱ ፊልሞች ስምንት ዘርፍ ላይ ተገናኝተዋል፤ ስምንቱንም ያኛው ወሰደ። ያኛው ያልታጨባቸው ሁለቱ ደግሞ ቀረጻና የድምፅ ቅንብር ናቸው። እነዚያን ራስል ቦይድና ሪቻርድ ኪንግ ወሰዱ። ያ ግዙፍ ፊልም ባልቆመበት ቦታ ሁሉ ይህ ፊልም አሸንፏል ማለት ነው።

ብሪታንያ ላይ ደግሞ የአገሪቱ የፊልም አካዳሚ ባፍታ አራት ሽልማት ሰጥቶታል፤ የዳይሬክተርነቱን ለፒተር ዊር፣ ከዚያ አልባሳት፣ የትዕይንት ዝግጅትና ድምፅ። ስለ ባሕር ኃይላቸው የተሠራውን ፊልም የባለቤቶቹ አገር እንዲህ ተቀበለው።

አንባቢው፦
ጋሽ ሐመር እናመሰግናለን፣ ይህን ማነጻጸሪያ ሰው አያነሳውም።

ሃያስያኑን በተመለከተ፣ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ አራቱን ነው የሰጠው። ብዙዎቹም በዚያው መንገድ ሄደዋል። ከተቃወሙት መካከል ክብደት ያለው ግን ክሪስቶፈር ሂችንስ ነው፤ «ስሌት» (Slate) በሚባለው የኢንተርኔት መጽሔት ላይ ጽፏል። ክርክሩ ስለ ሐኪሙ ስለ ማቱሪን ነው። ፊልሙ በተመሠረተባቸው፣ ፓትሪክ ኦብራያን በጻፋቸው 20 ልቦለዶች ውስጥ ማቱሪን በአባቱ አይሪሽ፣ በእናቱ ካታላን የሆነ፣ ናፖሊዮንን የሚጠላ የምስጢር ሰላይ ነው። ፖለቲካ አለው፣ ያለፈ አመፅ አለው፣ ከካፒቴን ኦብሪ ጋር የሚያጋጨው የራሱ እምነት አለው። ፊልሙ ውስጥ ሐኪምና የተፈጥሮ አጥኚ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ይህ ትችት ልክ ነው። ፖል ቤታኒ ጥሩ ስለተጫወተው ነው ጉድለቱ የማይታየው። ሁለቱ በግርፋት ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ማቱሪን የሚናገረው ከየት እንደመጣ ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው አይገባውም። ሥልጣንን የሚጠራጠር ለስላሳ ሰው ይመስለዋል እንጂ ሥልጣን በአገሩ ላይ ያደረገውን ያየ ሰው አይመስለውም።

ሌላው ለውጥ ደግሞ ጠላቱ ነው። ፊልሙ ርዕሱንና ማሳደዱን የወሰደው ከ10ኛው መጽሐፍ ነው፤ በ1984 የታተመ። እዚያ ላይ የሚታደነው መርከብ የአሜሪካ ነው፣ ጊዜውም የእንግሊዝና የአሜሪካ የ1812 ጦርነት። ፊልሙ ወደ 1805 መልሶ መርከቡን የፈረንሳይ አደረገው። 150 ሚሊዮን ያፈሰሰ የአሜሪካ ስቱዲዮ የአገሩን ባንዲራ በጠላትነት ቢያወጣ ቲኬት ገዢውን ያስቀይማል፤ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል። አሻራው ግን አልጠፋም፦ «አኬሮን» የፈረንሳይ መርከብ ትሁን እንጂ ቦስተን ነው የተሠራችው ተብሎ ፊልሙ ውስጥ ይነገራል።

ሰብለ፦
እኔ በግልጽ ልናገር። ፊልሙ ያሰለቻል። መጀመሪያ ላይ ጉም ውስጥ ውጊያ አለ፣ መጨረሻ ላይ ውጊያ አለ፣ መሐሉ አንድ ሰዓት ተኩል መጠበቅ ነው። 138 ደቂቃ ለዚህ ይበዛል። ተመልካች ያልመጣው በማስታወቂያ ጉድለት ብቻ አይመስለኝም። «ድርጊት ይኖራል» ተብሎ የገባ ሰው ሲጠብቅ ይውላል።

መልሕቅ፦
እህቴ ሰብለ፣ መሐሉ ባዶ አይደለም። ግን ለምን ባዶ እንደሚመስል ይገባኛል። ፊልሙ መርከቡን የሚያስተዋውቀው በአንድ መስመር ጽሑፍ ነው፦ 28 መድፍ፣ 197 ነፍስ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእነዚያ 197 ነፍሳት ነገር ነው። ጠላቷ 44 መድፍ አላት፣ ግድግዳዋ የወፈረ፣ ፍጥነቷም የበለጠ። ስለዚህ መሐሉ ላይ የሚታየው ልምምድ ጌጥ አይደለም፤ በልጦ ከመተኮስ ሌላ መውጫ የላቸውም።

የዚያን ዘመን መድፍ አሠራር ካላወቅን ትዕይንቱ ጩኸት ብቻ ይሆንብናል። መድፉ ተተኩሶ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ወፍራሙ ገመድ ይይዘዋል። በእርጥብ ሱፍ የተጠቀለለ ዘንግ ገብቶ ውስጡን ይጠርጋል፤ ይህ ከተዘለለ የቀረው ፍም አዲሱን ባሩድ ገና ሲጠቀጠቅ ያቀጣጥለውና ጠቅጣቂውን ይገድለዋል። ከዚያ የባሩድ ከረጢት፣ ውታፍ፣ ብረት ኳስ፣ እንደገና ውታፍ። ውታፉ ካልተደገመ መርከቡ ሲያዘነብል ኳሱ ተንከባልሎ ይወጣል። ከዚያ ሁሉም ገመድ ይዞ ቶን የሚከብደውን መድፍ ወደ መስኮቱ ይስባል። አንዱ እጁ ከዘገየ የመላው ጎን ተኩስ ይዘገያል። ኦብሪ ሰዓት ይዞ የሚቆመው ለዚህ ነው። የእንግሊዙ አድሚራል ኮሊንግዉድ መርከብ «ድሬድኖት» በሦስት ደቂቃ ተኩል ሦስት ጊዜ መላ ጎኗን ትተኩስ ነበር ይባልላታል፤ መለኪያው ይህን ያህል ጥብቅ ነው።

ነፋስ ስልክ፦
በሰብለ ላይ ልጨምር፣ መሐሉ ላይ ለእኛ አገር ተመልካች ከሁሉ የቀረበው ትዕይንት አለ። የሆሎም ነገር።

ነፋስ ጠፍቶ መርከቡ ቆሟል። ውኃ እያለቀ ነው። መርከበኞቹ ጥፋቱን በአንድ ፈሪ መኮንን ላይ ደፍተው «ዮናስ» ይሉታል። ሌላ አገር ያለ ተመልካች ይህን በማብራሪያ ነው የሚረዳው። በጾመ ነነዌ ትንቢተ ዮናስ ሲነበብ ሰምቶ ላደገ ሰው ግን ቃሉ ከተነገረ በኋላ የሚመጣው ይታወቀዋል። ልዩነቱን አስተውሉ። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ መርከበኞቹ ዮናስ ራሱ «ጣሉኝ» ካላቸው በኋላ እንኳ ሰውየውን ላለመጣል ወደ ምድር ለመመለስ አጥብቀው ይቀዝፋሉ። አረማውያን ሆነው ይራሩለታል። የፊልሙ መርከበኞች ግን ክርስቲያን ሆነው አንዳቸውም አይቀዝፉለትም። ሲያልፍ ትከሻ ይገፉታል፣ ሰላምታ ይነፍጉታል። እሱም በሌሊት ለታዳጊው ዕጩ መኮንን ለብሌክኒ ደህና ሁን ብሎ፣ የመድፍ ኳስ አቅፎ ከጎን ይወርዳል። በቀብር ጸሎቱ ማግስት አይደለም፣ ወዲያው ነው ነፋሱ የሚመጣው። ዊር «እምነታቸው ልክ ነበር» ወይም «ስሕተት ነበር» አይልም፤ ሸራው ሲሞላ የሰዎቹን ፊት ብቻ ያሳየናል።

ይህን ትዕይንት የሚያሰለች ብዬ ልጠራው አልችልም።

ሰብለ፦
የዮናስን ንጽጽር አላሰብኩትም ነበር፣ እውነትህን ነው። መጠበቁ ግን አሁንም ይረዝምብኛል። ፊልሙን የወደዱት ሰዎች ስለ መርከብ አስቀድመው የሚያውቁ ይመስለኛል።

ጆሮ፦
ስለ ድምፁ ማንም ዝርዝር አላነሳም። ሪቻርድ ኪንግ ኦስካሩን ያገኘው በከንቱ አይደለም። መድፎቹ በሚሺጋን ግዛት የብሔራዊ ዘብ ማሠልጠኛ ሜዳ ላይ የተቀዱ የእውነት የዚያ ዘመን ዓይነት መድፎች ናቸው፤ ብረት ኳስም፣ ሰንሰለትም ተጭኖባቸው ተተኩሷል። ነፋሱን ለመቅዳት ደግሞ በሞሃቪ በረሃ በጭነት መኪና ላይ የእንጨት ፍሬም አቁመው ገመድ በገመድ አድርገውታል። ከዚያ መኪናውን ወደ ነፋሱ ነዱት። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ኬፕ ሆርን ላይ የምትሰሙት ፉጨት በተወጠረ ገመድ መሐል የሚያልፍ ነፋስ እንጂ ከተዘጋጀ የድምፅ ማኅደር የወጣ አይደለም።

ስለዚህ በቴሌቪዥኑ በራሱ ስፒከር አይቶ «አሰልቺ ነው» የሚል ሰው ፊልሙን ግማሹን ነው ያየው። የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ንግግሩ ዝቅ ያለ ነው፣ መድፉ ከፍ ያለ። ንግግሩን ለመስማት ድምፁን ትጨምራላችሁ፣ ተኩስ ሲመጣ ቤቱ ይናወጣል፣ ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ ንግግሩ ይጠፋል። በዚህ መሐል ሪሞት ይዞ የዋለ ሰው ፊልም አላየም።

መፍትሔው፦ ብዙ ስፒከር የሚያገናኝ የድምፅ ሪሲቨር (የዲሹ አይደለም) ካላችሁ የመሐሉን ስፒከር ብቻ በሁለት ወይም በሦስት ዴሲቤል ከፍ አድርጉ፤ ንግግሩ የሚወጣው ከዚያ ነው። «ናይት ሞድ» የሚባለውን አጥፉት፣ ጮክ ያለውንና ዝቅ ያለውን አንድ ያደርግባችኋል። የማታ ከሆነና ጎረቤት ካለ የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል። ከዚያ ካቢን ውስጥ ያሉትን ትዕይንቶች ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ፤ ከራስ በላይ እግር ሲሄድ፣ እንጨቱ ሲሰነጠቅ፣ ውኃው ከጎን ሲመታ። ማንም ባይናገርም መርከቡ አይረጋም። ሰብለ የምትለው መጠበቅ ውስጥ ያለው ይህ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፦ ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ አጥፉ። ካልጠፋ የቦይድ ቀረጻ የሳሙና ድራማ ይመስላል።

የማታ ሲኒማ፦
ጆሮ ያለው ልክ ነው። መርከቡ ራሱም ውሸት አይደለም፤ «ሁሉም ኮምፒዩተር ነው» የሚሉ አሉ። በ1970 ኖቫ ስኮሺያ ላይ የተሠራች «ሮዝ» የምትባል የጥንት መርከብ ቅጂ ነበረች። ስቱዲዮው ገዛትና «ሰርፕራይዝ» አደረጋት። ዛሬ በሳን ዲየጎ የባሕር ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። ከዚህ ሌላ በሜክሲኮ ባሃ፣ ለ«ታይታኒክ» በተሠራው ትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ ሁለተኛ ሙሉ ቅጂ ሠርተው በሚወዛወዝ ማሽን ላይ አቆሙ። ሰፊው ማዕበል ደግሞ የካፒቴን ኩክ «ኢንደቨር» ቅጂ ኬፕ ሆርንን ስትዞር ከላይዋ የተቀረጸ እውነተኛ ባሕር ነው። ትናንሾቹን ሞዴሎች የሠራው ኒውዚላንድ ያለው ዌታ የተባለ ድርጅት ነው። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ያጋጥማል እንጂ ከምንም አልፈጠራቸውም። 150 ሚሊዮኑም የሄደው በዚህ ነው፤ በርካሽ መንገድ ተሠርቶ ቢሆን «ከሰረ» የሚለው ጥያቄ ራሱ አይነሳም ነበር።

ነፋስ ስልክ፦
ያ የኬፕ ሆርን ትዕይንት ላይ ሰው ሁሉ ኦብሪን «ጨካኝ» ይለዋል። የኋላው ደቀል ተሰብሮ ከነሸራውና ከነገመዱ ባሕር ገብቷል፤ ዋርሊ የሚባለው መርከበኛም ከእሱ ጋር። ደቀሉ እንደ መልሕቅ ሆኖ የመርከቡን ጎን ወደ ማዕበሉ ይጎትታል። ጎኗን የሰጠች መርከብ ትገለበጣለች። ስለዚህ ገመዱ ካልተቆረጠ 197ቱ ያልቃሉ። ኦብሪ መጥረቢያ ያነሳል፣ ከእሱ ጎን ሆኖ የሚቆርጠው ደግሞ የዋርሊ የቅርብ ጓደኛ ናግል ነው። ዋርሊ እየዋኘ እየቀረበ ነው። ገመዱ ሲበጠስ ድምፁ ይሰማል፤ ከዚያ ዋርሊ አነስ፣ አነስ እያለ ይቀራል። ናግል ሆሎምን የሚጠላው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ዋርሊ ደቀሉ ላይ ሳለ ሆሎም ሊረዳው ወጥቶ ፈርቶ ቆሟልና። የዮናሱ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ገመድ ነው።

አንባቢው፦
ትንሽ ነገር ስለ ትርጉም ላንሳ። ፊልሙ ላይ በጣም የሚጠቀሰው ቀልድ በምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚነገረው ነው። ኦብሪ ከብስኩቱ የወጡ ሁለት ነቀዞች ሳህን ላይ ያሳየውና «የቱን ትመርጣለህ?» ይለዋል። ማቱሪን ትልቁን ይመርጣል። ኦብሪም «ከሁለት ነቀዝ ትንሹን ምረጥ» ይለዋል፤ በእንግሊዝኛው የ«ነቀዝ»ና የ«ክፉ» ድምፅ ስለሚመሳሰል «ከሁለት ክፉ ትንሹን» በሚለው አባባል ላይ የሚሠራ ቀልድ ነው። በአማርኛ «ከሁለት ክፉ ትንሹን» ብሎ የተረጎመ ሰው ነቀዙን አጥቶታል፤ «ከሁለት ነቀዝ ትንሹን» ያለ ደግሞ ክፉውን።

ግን አማርኛ መውጫ አለው። የነቀዘ እህልም የነቀዘ ሰውም እንላለን። «በባሕር ኃይል ቤት ምንጊዜም ትንሽ የነቀዘውን ምረጥ» ቢባል ሰሙ ሳህኑ ላይ፣ ወርቁ አዛዦቹ ላይ ይወድቃል። የግርጌ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው ካለ ይውሰደው።

ሐመር፦
አበጀህ! ይህ ከዋናውም አይተናነስም።

መልሕቅ፦
በመጨረሻ ስለ ኋለኛው አቀባበል። ጃንዋሪ 2021 ላይ አንድ ሰው ትዊተር ላይ ፊልሙን ለእንቅልፍ መድኃኒት ብሎ ሲጽፍ ኦብሪን የተጫወተው ራስል ክሮ ራሱ መልስ ሰጥቷል፤ የዛሬ ልጆች ትኩረት የላቸውም፣ ይህ የአዋቂ ፊልም ነው በሚል መንፈስ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ያላዩ ወጣቶች ፈልገው አዩት፣ አዲስ ጽሑፍም በላዩ ላይ መጻፍ በዛ። በዚያው ዓመት ስቱዲዮው ስለ ኦብሪና ማቱሪን የወጣትነት ዘመን አዲስ ፊልም እያዘጋጀ ነው ተብሎ ተዘግቧል። በ2003 ቀጣይ ክፍል እንዳይሠራ ያደረገው ቁጥር ዛሬም ያው ነው፤ ፊልሙን የሚፈልገው ሰው ግን በዝቷል።

ሰብለ፦
ጆሮ እንዳለው አድርጌ ድጋሚ አየዋለሁ። ግን መጨረሻው አልተቋጨም የሚለው ቅሬታዬ ይቆይልኝ። ያን ሁሉ አባርረው ይዘዋት፣ እንደገና ማሳደድ ተጀምሮ ፊልሙ ያልቃል።

ነፋስ ስልክ፦
(ላላያችሁ፣ እዚህ ላይ አቁሙ።) ኦብሪ የፈረንሳዩን ካፒቴን ሰይፍ የተቀበለው ከፈረንሳዩ መርከብ «ሐኪም» እጅ ነው። ማቱሪን ግን የዚያ መርከብ ሐኪም ከወራት በፊት መሞቱን ሲነግረው «ሐኪም» ነኝ ያለው ራሱ ካፒቴኑ እንደነበር ይገባዋል። እሱ ደግሞ አሁን የተማረከችው መርከብ ላይ፣ ከኦብሪ መኮንን ከፑሊንግስ ጋር ነው። ኦብሪ መርከቡን እንዲዞርና ሁሉም ለውጊያ እንዲቆም ያዝዛል። ከዚያ ማቱሪን ለማየት የጓጓው የማይበር ወፍ ነገር ይነሳል፤ የማይበር ከሆነ የትም አይሄድም ይለዋል። ሁለቱ ቫዮሊንና ቼሎ ያነሳሉ፣ የቦኬሪኒን የማድሪድ ጎዳና ዜማ ይጀምራሉ፣ ማቱሪን ቼሎውን ጭኑ ላይ አጋድሞ እንደ ክራር ይመታዋል። ካሜራው ከካቢኑ ይወጣል፤ ሸራው ሞልቷል፣ መርከቡ እየዞረ ነው።